የአቅራቢውን ራውተር አውጥቼ የራሴን ባስገባስ? (ደሴ፣ ሳላይሽ)

ሳላይሽ ማዶ · ማክሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የደሴ ልጆች እንዳላችሁ ስለማውቅ በቀጥታ ልግባ።

ቤታችን ፋይበር ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው። አቅራቢው የሰጠን ነጭ ራውተር ሳሎን መስኮቱ ሥር ተሰቅሏል። ሳሎን ውስጥ ምንም አይልም። ችግሩ ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ነው። ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፣ የምታጠናው እዚያ ነው። ዋይፋዩ አንዳንድ ቀን ጥሩ ነው፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ ይጠፋል። ቪዲዮ ለማውረድ ጋቢ ለብሳ የሳሎኑ ደረጃ ላይ ትቀመጣለች። የደሴን የማታ ብርድ መቼም ለእናንተ አልነግራችሁም።

እህቴ ከጅዳ ስትመጣ ያገለገለ ሊንክሲስ ራውተር አምጥታልኛለች። አራት አንቴና አለው፣ ሸረሪት ይመስላል። የአቅራቢውን አውጥቼ በዚህ ልተካው አስቤ ትናንት ከፈትኩት። የፋይበሩ ክር የሚገባበት ቀዳዳ ግን የለውም። የሶኬቱ እግር ራሱ ሦስት ጠፍጣፋ ነው፣ ማከፋፈያ ፍለጋ ፒያሳ ድረስ ወረድኩ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ፒያሳ ሁለተኛ ፎቅ · ማክሰኞ ማታ 3፡24

ኧረ ወርውረው! በነጻ የሚሰጥ ዕቃ መቼ ዕቃ ሆኖ ያውቃል። እኔ ባለ ስድስት አንቴና ካስገባሁ ወዲህ ፍጥነቴ በእጥፍ ጨምሯል። ፋይበሩን ወደ ኬብል የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ይሸጣል፣ እሱን ገዝተህ መሃል ላይ ሰካው፣ አለቀ።

ኬብል በጣሽ · ማክሰኞ ማታ 4፡02

ፒያሳ፣ ሰውየውን ገደል ልትከተው ነው። ያ ሳጥን ሚዲያ ኮንቨርተር ይባላል፣ ለቤት ፋይበር አይሠራም። ስምንት ዓመት መስመር ስዘረጋ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ትንሽ ላስረዳ።

ቤታችን የሚገባው ፋይበር ጂፖን ይባላል። ከማዕከሉ የሚነሳ አንድ ክር መንገድ ላይ ተከፋፍሎ ለብዙ ቤት ይደርሳል፣ 32 ወይም 64 ቤት ሊጋራው ይችላል። ወደ ቤት የሚመጣው 2.5 ጊጋቢት ገደማ ነው፣ ከቤት የሚወጣው 1.25። አንዱ በ1490፣ ሌላው በ1310 ናኖሜትር ብርሃን ስለሚሄዱ በአንድ ክር አይጋጩም። ታዲያ ሁሉም ቤት በአንድ ክር ላይ ካለ ማን መቼ ይናገር? ማዕከሉ እያንዳንዱን ሳጥን በመለያ ቁጥሩ ያውቀዋል፣ ተራም ይሰጠዋል። እንደ ዕድር ነው። ስምህ መዝገብ ላይ ከሌለ ማንም አይጠራህም።

ያ ነጭ ሳጥን እንግዲህ ራውተር ብቻ አይደለም። ኦኤንቲ ነው። ብርሃኑን የሚተረጉመውም፣ መዝገብ ላይ ያለውም እሱ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ ተራ ራውተር ያንን አያደርግም። ሳጥኑን ከጣልከው ከዕድሩ ወጣህ። የራስህን ራውተር ማስገባት ትችላለህ፣ ግን ከሱ ቀጥሎ እንጂ በሱ ቦታ አይደለም።

አሁን እነዚህን ንገረኝ። ሳጥኑ ላይ የትኛው መብራት ነው የሚበራው? የስንት ሜጋ ጥቅል ነው? ከሳሎን እስከ ሰርቪስ ቤቱ ስንት እርምጃ ነው፣ መሃል ላይስ ምን አለ? እስከዚያ የፋይበሩን ጫፍ አትንካው፣ ወደ ዓይንህም አታስጠጋው። ብርሃኑ በዓይን አይታይም፣ የለም ማለት ግን አይደለም።

ሳላይሽ ማዶ · ረቡዕ ጠዋት 1፡35

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ጫፉን ነክቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር በሸሚዜ ጠርጌ ነው የመለስኩት።

ፓወር የሚለው አረንጓዴ ነው። ፖን የሚለውም አረንጓዴ፣ ሳይብለጨለጭ። ሎስ የሚለው ጠፍቷል። ጥቅሉ 10 ሜጋ ነው። እርምጃው 24 ሆነ፣ ልጄ ናት የቆጠረችው። መሃል ላይ ምንም የለም፣ ባዶ ግቢ ነው።

ኬብል በጣሽ · ረቡዕ ጠዋት 2፡10

በሸሚዝ! እሺ፣ ፖን ረግቶ እየበራ ከሆነ ተርፈሃል። ሎስ ቀይ ሆኖ ቢብለጨለጭ ነበር የሚያስፈራው፣ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው። ክሩንም ከጣት ቀለበት በጠበበ ዙር አትጠቅልለው። ብዙ ሰው ለሥርዓት ብሎ ጠምዝዞ በላስቲክ ያስረዋል፣ ከዚያ ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈ ብሎ ሰው ይጠራል።

ዛሬ ላፕቶፕህን በኬብል ሳጥኑ ላይ ሰክተህ ፍጥነቱን ለካ። በኬብል 10 አካባቢ ካገኘህ መስመሩም ሳጥኑም ጤነኛ ናቸው፣ የሚጎድልህ ዋይፋይ ነው። በኬብልም 3 ካገኘህ አንድ ሺህ አንቴና ያለው ራውተር ብትገዛ 3 ነው።

ቦርከና · ረቡዕ ቀን 6፡40

ከኮምቦልቻ ነኝ፣ ጣልቃ ልግባ። ያ ሳጥን ጀርባ ላይ ጠባብ ቀዳዳ አለች። በአላህ ይዣችኋለሁ፣ አትንኳት።

ባለፈው ክረምት እኔም የራሴን ራውተር ገዝቼ የሳጥኑን ገጽ ልክፈት ስል ፓስዎርዱ እምቢ አለ። መርፌ አመጣሁና ቀዳዳዋን ተጫንኳት። መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ ተመለሰ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ሻይ ቀዳሁ። ለካ የመስመሩን ዩዘርኔምና ፓስዎርድ ጠራርጌ አጥፍቻለሁ። ቅርንጫፍ ስሄድ ውሉ በማን ስም ነው አሉኝ። በአባቴ ስም ነው። አባቴ ደግሞ ሐርቡ ለቅሶ ሄዷል። ተመልሶ እስኪመጣ አራት ቀን ያለ ኢንተርኔት ቆየን። ባለቤቴ እስከ ዛሬ መርፌ ስታይ ትስቃለች።

ኬብል በጣሽ · ረቡዕ ቀን 7፡05

አብሽር ቦርከና፣ ብቻህን አይደለህም። እኔ በወር ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ቤት እገባለሁ። ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የሳጥኑን ገጽ ክፈቱና ሴቲንጉን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሱት። ከጀርባው የተለጠፈውን ወረቀትም ጭምር።

ከጅዳ የመጣውን ሊንክሲስ ግን በመርፌ ተጫነው። እሱ የራስህ ነው፣ የማን ሴቲንግ እንዳለበት አታውቅም። ያገለገለ ዕቃ ቤት ከመግባቱ በፊት ይታጠባል።

ወሎዬዋ ከዳርምሽታት · ረቡዕ ማታ 2፡15

ደህና ናችሁ? ደሴ ሆጤ ነው ያደግኩት፣ አሁን ጀርመን ነኝ። ይሄ ጉዳይ እዚህ ስንት ዓመት ያጨቃጨቀ ነው። አቅራቢዎቹ የኛን ካልተጠቀማችሁ አይሆንም ይሉ ነበር፣ የመስመሩን መግቢያ ቃልም ይደብቁ ነበር። በፈረንጆቹ ከኦገስት 1 ቀን 2016 ጀምሮ በሕግ ተከለከለ። አሁን የአቅራቢው ግዛት ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ጋ ያበቃል። ከዚያ ወዲህ ምን እንደምሰካ የምወስነው እኔ ነኝ፣ እነሱም መግቢያውን ሳልጠይቅ ይሰጡኛል። ሱቅ ሄጄ ፍሪትዝቦክስ የሚባል ራውተር ገዛሁና በራሴ ሰካሁ። አሜሪካም ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በራስህ ዕቃ እየተጠቀምክ የዕቃ ኪራይ ማስከፈል ተከልክሏል።

ይሄን የምለው ለመኩራት አይደለም። ሰው የራሱን ዕቃ ስለሚገዛ ይንከባከበዋል፣ ሶፍትዌሩንም ያድሳል። የተሰጠው ሳጥን ግን አቧራ ጠጥቶ ይሞታል።

ፒያሳ ሁለተኛ ፎቅ · ረቡዕ ማታ 2፡40

አያችሁ! እኔም ይሄንኑ ነው ያልኩት፣ መብታችን ነው!

ወሎዬዋ ከዳርምሽታት · ረቡዕ ማታ 2፡52

መብት ሌላ፣ ዕድር ሌላ ወንድም ዓለም። እዚህም ቢሆን የገዛሁትን ሞደም ቁጥሩን ካላስመዘገብኩ አይሠራም።

ሳላይሽ ማዶ · ሐሙስ ጠዋት 2፡20

ለካሁ። በኬብል 9.6 መጣ። ሳሎን በዋይፋይ 9.4። ሳጥኑ ንጹሕ ነው ማለት ነው፣ ይቅርታ ልጠይቀው ይሆን?

ግን የሚገርም ነገር አለ። ዛሬ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥም 7 መጣ! ምንም ሳልነካ። እሁድ ዕለት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ገጽ እንኳን አልከፈተም። ይሄ ነገር ያሾፍብኛል?

እትዬ ሮቢት · ሐሙስ ጠዋት 3፡00

ልጄ፣ ዛሬ ሰፈራችሁ ውሃ አለ?

ሳላይሽ ማዶ · ሐሙስ ጠዋት 3፡04

እትዬ፣ ውሃ ከዋይፋይ ጋር ምን አገናኘው? ፈረቃችን አይደለም፣ ከሰኞ ጀምሮ የለም።

እትዬ ሮቢት · ሐሙስ ጠዋት 3፡09

ሮቶህ የት ነው የቆመው?

ሳላይሽ ማዶ · ሐሙስ ጠዋት 3፡41

ወጥቼ አየሁ።

ሳሎኑ መስኮትና ሰርቪስ ቤቱ መሃል ነው የቆመው። ልክ መሃል። ባለ 2 ሺህ ሊትር። ባዶ ግቢ ነው ያልኩት ዓይኔ ስለለመደው ነው። አሁን አንኳኳሁት፣ ከግማሽ በታች ነው። እሁድ ሞልተን ነበር።

እትዬ ሮቢት · ሐሙስ ጠዋት 3፡55

ፔንሲዮን አለኝ፣ አሥራ አንድ ክፍል። ሁለት ክፍል ውስጥ እንግዳው ሁሉ ኢንተርኔት የለም ይለኛል። ውሃ በጠፋ ሰሞን ግን አንድም ሰው አያማርርም። እኔ መጀመሪያ ውሃ ሲጠፋ እንግዶቹ በውሃው ተናደው ዋይፋዩን የረሱት መስሎኝ ነበር። የእህቴ ልጅ ነው ሮቶው መሆኑን ያገኘው።

ኬብል በጣሽ · ሐሙስ ቀን 6፡30

እትዬ፣ እጅ ነሥቻለሁ። እኔ ራሴ መጠየቅ ነበረብኝ።

ትክክል ናቸው። ውሃ የዋይፋይን ሞገድ ይውጠዋል። ማይክሮዌቭ ምድጃ ምግብ የሚያሞቀው በ2.45 ጊጋኸርዝ ነው፣ ዋይፋይ 2.4 ላይ ነው የሚሠራው፣ ጎረቤታሞች ናቸው። 5 ጊጋኸርዝ ደግሞ ፈጣን ነው፣ ግን ከዚያ ይብስ ደካማ ነው፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሲያይ ይመለሳል። ቆርቆሮ ከሆነማ ጭራሽ አያልፍም። ስለዚህ ሳላይሽ፣ አራቱን አንቴና ሳሎን ብትሰቅለው እሁድ እሁድ ያው ነው።

የምታደርገው ይሄ ነው። ነጩ ሳጥን ባለበት ይቆይ። ከሱ አንድ ኬብል ሳብና ሊንክሲሱን ሰርቪስ ቤት ውስጥ ስቀለው። ኬብል ሮቶ አይፈራም። እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል፣ ያንተ 25 ሜትር ቢሆን ነው።

ኬብል ስትገዛ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርገው። ገበያ ላይ ያለው ርካሹ አልሙኒየም በመዳብ የተለበጠ ነው፣ ሲፋቅ ውስጡ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ሁለቴ ሲታጠፍ ይሰበራል። ውስጡም ቀይ የሆነውን ውሰድ። ውጭ የሚሄድ ስለሆነ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገባው፣ ፀሐይ ልባሱን ታደርቀዋለች። መብረቅ ከመጀመሩ በፊትም ሁለቱንም ጫፍ ንቀል። የደሴን የሐምሌ መብረቅ ታውቀዋለህ።

ቦርከና · ሐሙስ ቀን 7፡15

ለምን ብሪጅ ሞድ አያስደርግም? ሳጥኑ ብርሃኑን ብቻ ይተርጉም፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ የራሱ ራውተር ይሥራ። ንጹሕ አሠራር እሱ ነው።

ኬብል በጣሽ · ሐሙስ ቀን 7፡40

ንጹሕ ነው፣ አልክድም። ጌም ለሚጫወት፣ ወይም የግቢ ካሜራውን ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው እመክራለሁ። ግን አቅራቢው ካልፈቀደ ሴቲንጉ ላይከፈትልህ ይችላል። ከተከፈተ በኋላም ዩዘርኔሙን ራውተርህ ላይ በፒፒፒኦኢ፣ ማለትም በዩዘርኔምና በፓስዎርድ ወደ መስመሩ በሚያስገባው አሠራር፣ አንተ ነህ የምታስገባው። መስመሩ የቪላን ቁጥር፣ ማለትም አቅራቢው መስመሩን የሚለይበት ቁጥር፣ ካለው እሱንም ጭምር። ኤምቲዩውን፣ ማለትም በአንዴ የሚላከውን የመረጃ እሽግ ትልቁን መጠን፣ ደግሞ 1492 ታደርጋለህ፣ ፒፒፒኦኢ ከተለመደው 1500 ባይት 8ቱን ለራሱ ስለሚወስድ። አንዷን ከሳትክ ግማሹ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ ግማሹ አይከፈትም፣ ፀጉርህን ትነጫለህ። ሳሎኑ ደህና ለሆነ ሰው ይሄ ሁሉ ምን ይሠራለታል?

ሳላይሽ ማዶ · ቅዳሜ ቀን 9፡20

እርዱኝ! ኬብሉን ዘረጋሁ፣ ጫፉን አስመታሁ፣ ሊንክሲሱን ሰካሁ። አሥር ደቂቃ ሠራ። ከዚያ የቤቱ ሁሉ ኢንተርኔት ተበጠበጠ። የኔ ስልክ ይሠራል፣ የባለቤቴ አይሠራም። ከዚያ የሷ ይሠራል፣ የኔ አይሠራም። ቡና እየተፈላ ነበር፣ ሦስተኛው ሲቀዳ እኔ አሁንም ጠረጴዛ ሥር ነኝ።

ኬብል በጣሽ · ቅዳሜ ቀን 9፡31

ንቀለው መጀመሪያ። የነጩ ሳጥን አድራሻ ስንት ነው? የሊንክሲሱስ?

ሳላይሽ ማዶ · ቅዳሜ ቀን 9፡44

ሁለቱም 192.168.1.1።

ኬብል በጣሽ · ቅዳሜ ቀን 9፡58

ይኸው። ሁለት ቤት በአንድ የቤት ቁጥር። ደግሞ ሁለቱም ለስልኮቹ አድራሻ ያድላሉ፣ ዲኤችሲፒ የሚባለው ነው። አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት ቀበሌ መታወቂያ ሲያድል አስብ። ማን የየትኛው ነዋሪ እንደሆነ አይታወቅም።

ሊንክሲሱ ከሳጥኑ ተነቅሎ እያለ ላፕቶፕህን በኬብል ስካበት። አድራሻውን 192.168.1.2 አድርገው። ዲኤችሲፒውን ዝጋ። ያንን ስትጨርስ ከሳሎን የመጣውን ኬብል ከሰማያዊዎቹ ቀዳዳዎች በአንዱ ሰካ፣ ቢጫውን ተወው። የዋይፋዩን ስምና ፓስዎርድ ከሳሎኑ ጋር አንድ ዓይነት አድርገው፣ ስልኩ ግቢ ውስጥ ስትሄድ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይቀያይራል። ቻነሉን፣ ማለትም የዋይፋዩ ሞገድ የሚሄድበትን መስመር፣ ሳሎን 1፣ ጓሮ 6 ወይም 11 አድርግ፣ እነዚህ ሦስቱ አይነካኩም።

ሳላይሽ ማዶ · ቅዳሜ ማታ 1፡50

አልሐምዱሊላህ፣ ሠራ!! ሮቶው እስከ አፉ ሞልቷል፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ 9.5። ልጄ በሩን ዘግታ እያጠናች ነው። እናቴ ደግሞ ጅዳ ካለችው እህቴ ጋር በቪዲዮ እያወራች ነው፣ ለካ ይሄን ያህል ጊዜ ድምፅ ብቻ ነበር የምትሰማው፣ አልነገረችንም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ለልጄ አጎቷ ከአሜሪካ የላከላት ላፕቶፕ የጓሮውን ዋይፋይ ጭራሽ አያየውም። ስልኮቹ ሁሉ ያዩታል።

ወሎዬዋ ከዳርምሽታት · ቅዳሜ ማታ 2፡05

ቻነሉን ምን ላይ አደረግከው?

ሳላይሽ ማዶ · ቅዳሜ ማታ 2፡08

13። ማንም የለበትም ብዬ።

ወሎዬዋ ከዳርምሽታት · ቅዳሜ ማታ 2፡11

አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ዕቃ አብዛኛው ከ11 በላይ አያይም። ኬብል በጣሽ የነገረህ 6 ወይም 11 ነው፣ ሰውየው በከንቱ አላወራም።

ሳላይሽ ማዶ · ቅዳሜ ማታ 2፡19

11 አደረግኩት። አየው። አፍሬያለሁ።

ቦርከና · እሁድ ጠዋት 3፡30

እንኳን ደስ አለህ። መብራት ሲጠፋስ? እኔ ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ፣ አለኝ፣ 12 ቮልት፣ 8800 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል። ነጩን ሳጥን ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ያቆይልኛል።

ኬብል በጣሽ · እሁድ ጠዋት 4፡15

ልክ ነው፣ 12 ቮልቱ የሚወጣው ነው፣ የውስጡ ባትሪ ግን 3.7 ቮልት ነው፣ በ8.8 አምፔር ሰዓት ሲባዛ 32 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሳላይሽ፣ ያንን ለነጩ ሳጥን ብቻ አድርገው። የሊንክሲሱን አዳፕተር ጀርባ አንብብ፣ 3 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ካለ ትንሹ ዩፒኤስ አይችለውም፣ እየጠፋ እየበራ ይጫወትብሃል።

ፒያሳ፣ አንተ ደግሞ ያ በእጥፍ የጨመረ ፍጥነትህ፣ ራውተሩን በቀየርክበት ወር ጥቅሉን አላሳደግክም?

ፒያሳ ሁለተኛ ፎቅ · እሁድ ቀን 5፡02

ከ5 ወደ 10 አሳድጌ ነበር። ግን አንቴናዎቹም ሳይረዱ አልቀሩም።

እትዬ ሮቢት · እሁድ ቀን 5፡20

😄 ልጄ ኬብል በጣሽ፣ ለእኔም ሁለቱን ክፍል መጥተህ ታይልኛለህ። ቡና አለ።

ጢጣ ነኝ · እሁድ ማታ 4፡48

ሰላም፣ አዲስ ነኝ። ሁሉንም አላነበብኩም። የእኔም ዋይፋይ አይሠራም፣ አዲስ ራውተር ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?

ኬብል በጣሽ · እሁድ ማታ 4፡55

ሳጥኑ ላይ የትኛው መብራት ነው የሚበራው? ሮቶስ አለህ?